ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው ጠባይ

በእኛ አገር ለጋብቻ የታሰበን ሰው ጠባይ ማጣራት ጥንትም የነበረ ነው፤ ዛሬም አልቀረም። የልጅቱ አጎት ወደ ልጁ ሰፈር ብቅ ይልና ጎረቤቱን፣ ባለሱቁን፣ የዕድሩን ዳኛ «እንዲያው ጠባዩ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። «ቁጡ ነው፣ ግን ቂም አያውቅም።» «ጭምት ነው፣ ግን ነገር ይይዛል።» «ተጫዋች ነው፣ ግን ለገንዘብ አይታመንም።» አጎትየው ይዞ የሚመለሰው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ነው። ቁጡ መሆኑንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አብራው የምትኖረው ልጅ ማወቅ ያለባት ቁጣው ሲበርድ ምን እንደሚከተል ነው።

እኔና ባለቤቴ ሐዋሳ ውስጥ በቤተ ክርስቲያናችን የቅድመ ጋብቻ ምክር እንሰጣለን። መተዳደሪያዬ የሒሳብ መምህርነት ነው። ማታ ማታ ደግሞ እጮኛሞች ቤታችን ይመጣሉ፤ ቡና ተፈልቶ እንነጋገራለን። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደገ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ስለ አራቱ ጠባዮች የሆነ ቦታ ተምሮ ነው የሚመጣው፤ በወጣቶች ኅብረት፣ በግቢ ፌሎሺፕ፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በተሰጠ ሥልጠና። ገና ሳይቀመጡ «እኔ ኮለሪክ ነኝ፣ እሷ ፍሌግማቲክ ናት» ይሉኛል፤ ነገሩ ተጣርቶ ያለቀ ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው፤ ኮለሪክ ሆኖ ከምን ጋር?

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። ሳንጉዊን የሚባለው ተጫዋቹ፣ ሰው ወዳዱ፣ ቶሎ ቃል የሚገባው ነው። ኮለሪክ ቆራጡ፣ መሪው፣ ግልፍተኛው ነው። ሜላንኮሊክ ጥንቁቁ፣ አውጥቶ አውርዶ የሚያስበው፣ ሆደ ባሻው ነው። ፍሌግማቲክ ረጋ ያለው፣ ሆደ ሰፊው፣ ካልቀሰቀሱት ከመቀመጫው የማይነሳው ነው። ይህን ትምህርት በዘመናችን በክርስቲያኖች መካከል ካስፋፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 መጽሐፍ ያወጣ አሜሪካዊ ፓስተር ነው። እሱ ራሱ በኋላ አራቱን እርስ በርስ አጣምሮ አሥራ ሁለት ድብልቆችን አስተምሯል፤ እያንዳንዱ ዋና ጠባይ ከቀሩት ከሦስቱ ጋር ሲጣመር ማለት ነው። እኔ በተካፈልኩባቸው ሥልጠናዎች ግን አሥራ ሁለቱ ላይ ሳይደረስ ሰዓት ያልቃል፤ ሰው አራቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጣም የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ለትዳር የሚጠቅመው ያልተደረሰበት ክፍል ነውና።

ሁለት ሙሽሮችን ላሳያችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ሁለቱም ያለ ጥርጥር ሜላንኮሊክ ናቸው። ሁለቱም የሠርጋቸውን ወጪ በደብተር ይመዘግባሉ፤ የአዳራሹን ኪራይ፣ የቪዲዮውን፣ የዲኮሩን፣ የሚዜዎቹን ከረባት፣ ለስላሳው የሚቀዘቅዝበትን በረዶ ሳይቀር። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ሲፈርስ አጥንታቸው ድረስ ይሰማቸዋል። በመጠይቅ ብትመዝኗቸው አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ።

የመጀመሪያው ደብተሩን ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋና በእስክሪብቶው ጫፍ አንዱን መስመር እየጠቆመ «ይኼ ከተስማማነው በላይ ነው። ማን ፈቀደ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ጥያቄው የመርማሪ ጥያቄ ነበር። እጮኛው እንባዋ መጣ። እሱ ደግሞ እንባው ግራ አጋባው፤ ምክንያቱም በእሱ ዘንድ የጠየቀው ስለ ሒሳብ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ሜላንኮሊክ ሆኖ ከሥሩ ኮለሪክ ያለበት ነው። ያየውን ጉድለት በዚያው ሰዓት ያወጣዋል፤ አውጥቶም እስኪስተካከል ይከታተለዋል።

የሁለተኛው እጮኛ ደብተር መኖሩንም አታውቅም ነበር። ስለ ወጪ ስናነሳ «እሷ ደስ ካላት እኔ ምንም አይደል» ይላል፤ ፈገግታውም አይጠፋም። ባለቤቴ ወደ በረንዳ ይዞት ወጣና ብዙ ቆይተው ሲመለሱ ልጁ ደብተሩን ከጃኬቱ ኪስ አወጣ። ከተስማሙት በላይ የወጣው ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል፤ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ። ልጅቱ ገጹን እያገላበጠች «እትዬ፣ እኔ እኮ ደስ ብሎት ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። ይህኛው ሜላንኮሊክ ሆኖ ከሥሩ ፍሌግማቲክ ያለበት ነው። ጉድለቱን ልክ እንደ መጀመሪያው ያየዋል፣ ልክ እንደ እሱ ያመዋል፤ ግን ሰላም እንዳይደፈርስ ሲል ይውጠዋል።

እንግዲህ ለሁለቱም ስለ ሜላንኮሊክ የሚነገረውን ምክር ብንሰጥስ? «ስሜትህን አፍነህ አትያዝ፣ ተናገር» ነው የሚለው። ለሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ለመጀመሪያው እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ እሱ መናገር አልጎደለውም። ለእሱ ያልነው ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት በዚያ ሳምንት እጮኛው አሳክታ የጨረሰችውን ነገር በስሙ ጠርቶ እንዲያመሰግን፣ ከዚያ «ማን ፈቀደ» በማለት ፈንታ «እንዴት ወጣ» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ በሳምንት አንድ የታወቀ ማታ ቀጠርንለት፤ በዚያ ማታ ደብተሩ የግድ ይከፈታል፣ ቢያኮርፍም ባያኮርፍም። ለእጮኛው የነገርናት አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን «ምንም አይደል» አትመኚው፤ በማግሥቱ ደግመሽ ጠይቂው።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ዋናው ጠባይ አንድን ሰው ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያቆስለው ይነግራችኋል። ሁለተኛው ደግሞ ያ ደስታ ወይም ያ ቁስል በየትኛው በር እንደሚወጣ ይነግራችኋል። አብሮ የሚኖር ሰው ውሎ የሚያድረው ከበሩ ጋር ነው።

ይህ ነገር የእኔ ግኝት አይደለም፤ እጅግ የቆየ ክርክር ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጋሌን የሰውን ባሕርይ በሙቀትና ቅዝቃዜ፣ በድርቀትና እርጥበት ሲከፍል አራት ብቻ አላለም፤ ዘጠኝ ነው ያለው። አንዱ ሁሉም የተመጣጠነበት፣ አራቱ አንዱ ብቻ የሚያይልበት፣ የቀሩት አራቱ ሁለቱ ተጣምረው የሚያይሉበት። ጠባይን በሰውነት ውስጥ ካለው የደምና የሐሞት መጠን ጋር ያያይዝ የነበረው የጥንቱ ሕክምና ዛሬ ውድቅ ሆኗል፤ ማንም ሐኪም ጥቁር ሐሞት ስለበዛብህ ነው የምትተክዘው አይልም። ድብልቅ የሚለው ሐሳብ ግን ከመነሻው ነበረ። ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ጠባይ አራት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ነጠላ ነው፣ ድብልቅ ጠባይ የሚባል የለም አለ። ካንትን የሚያህል ሰው መቃወም ድፍረት ቢመስልም፣ በዚህ ነገር ላይ የእኛ የሰፈር ዕድር ዳኛ ይበልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ከካንት በኋላ የመጣው ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቩንት አራቱን በሁለት መስመሮች አስተካክሎ አስቀመጣቸው፤ ስሜቱ ምን ያህል ይበረታል፣ ምን ያህልስ ቶሎ ይለዋወጣል? ኮለሪክ የበረታና ፈጣን፣ ሜላንኮሊክ የበረታና ዘገምተኛ፣ ሳንጉዊን የለዘበና ፈጣን፣ ፍሌግማቲክ የለዘበና ዘገምተኛ ሆኑ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ አይዘንክ ተግባቢነትንና የስሜት መዋዠቅን ሁለቱ መስመሮች አድርጎ አራቱን በአንድ ክብ ዙሪያ አሰፈራቸው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይህን ሥዕል ሳይ ደስ ይለኛል። ክብ ላይ ሣጥን የለም፤ ያለው አንግል ነው። ሰውዬው ሜላንኮሊክ ነው ማለት በዚያ ሩብ ክብ ውስጥ አለ ማለት ብቻ ነው። ወደ ኮለሪክ ድንበር ተጠግቶ ነው ወይስ ወደ ፍሌግማቲክ? ሁለቱ ሙሽሮቼ በአንድ ሩብ ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ወደተለያየ ጎረቤት ያዞሩ ናቸው።

ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት አራቱን ሳይሆን አምስቱን ታላላቅ የጠባይ መለኪያዎች ነው፤ ተግባቢነት፣ ለሰው መራራት፣ ለሥራ መጠንቀቅ፣ የስሜት መርጋት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን። እዚያም ያው ጥያቄ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሆፍስቴ፣ ደ ራድና ጎልድበርግ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ሰውን የምንገልጽባቸውን ቃላት በክብ ላይ ሲደረድሩ፣ አብዛኞቹ ቃላት ከአንድ መለኪያ ብቻ የሚነሡ ሳይሆኑ አንድ ዋናና አንድ ደጋፊ ያላቸው ሆነው ነው የተገኙት። እነሱ የመረመሩት የእንግሊዝኛ ቃላትን ቢሆንም እኔ ወደ ቤታችን አምጥቼ እሞክረዋለሁ። ተግባቢነት ከርኅራኄ ጋር ሲሆን ሰው የሚሰበስብ፣ እንግዳ የሚያበላ ሰው ይወጣል። ያው ተግባቢነት ርኅራኄ ከጎደለው ጋር ሲሆን በስብሰባ ላይ ሌላውን የማያስናግር ሰው ይወጣል። ሁለቱም ከሰው መሀል መሆን ይወዳሉ። ከሁለቱ አንዱን ለልጅሽ ምረጪ ብትባሉ ግን አታመነቱም።

ሁለተኛውን ጠባይ የት አያለሁ? እንደ እኔ ለቅሶ ቤትን የሚያህል ቦታ የለም። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ለብሶና ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ለቅሶ ድንገት ነው። ሌሊት ይደወላል፣ ንጋት ላይ የዕድሩ ድንኳን መተከል አለበት፣ ወንበርና ብረት ድስት መምጣት አለበት፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ዘመድ ማደሪያ ይፈልጋል። ኮለሪኮች ያን ጊዜ ይታወቃሉ፤ ማንም ሳይሾማቸው ያዝዛሉ። ልዩነታቸውን ግን ከሰዓት በኋላ እዩት። ከሥሩ ሳንጉዊን ያለበት ኮለሪክ ድንኳኑን አስተክሎ ሲጨርስ ከሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ስለ ሟች አንድ ደግ ወሬ ያመጣል፤ ያዘዛቸውን ልጆች «ተባረኩ፣ ውኃ ጠጡ» ይላል። ከሥሩ ሜላንኮሊክ ያለበት ኮለሪክ ደግሞ ከሰዓት በኋላም ቆሞ ነው፤ ስንት ወንበር መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ገንዘቡን ማን ተቀበለ፣ ለምን ወጡ በሰዓቱ አልቀረበም። ሁለተኛው ባይኖር ሐዘንተኛው በኋላ በዕዳ ይያዛል፤ የመጀመሪያው ባይኖር ሐዘንተኛው ብቻውን ይቀመጣል። እኔ ራሴ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ባለቤቴ ፍሌግማቲክ ሆኖ ከሥሩ ሳንጉዊን አለበት፤ ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስንሄድ እኔ ወደ ማዕድ ቤቱ፣ እሱ ወደ ሐዘንተኛው ነው።

በፎቶ ኮፒ የሚዞረውን መጠይቅ ብዙም አልጠቀምበትም። ሰው ወረቀት ሲሰጡት መሆን የሚፈልገውን ይሞላል፤ በተለይ አጠገቡ እጮኛው ተቀምጣ። አንዳንዶች መልሱን ደምረው «60 በመቶ ሳንጉዊን፣ 40 በመቶ ኮለሪክ» ይሉኛል። ቁጥር አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ምን እንደለካ ስለማላውቅ አልወስደውም። የምጠይቀው ሌላ ነው። «መጨረሻ የተናደድሽበትን ቀን ንገሪኝ። በመጀመሪያው ሰዓት ምን አደረግሽ? በሦስተኛው ቀንስ?» የመጀመሪያው ሰዓት ዋናውን ጠባይ ያሳያል፤ ሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን። በመጀመሪያው ሰዓት ሳህን የሚያስቀምጥበት ድምፅ ቤቱን የሚያንቀጠቅጥ ሰው በሦስተኛው ቀን ረስቶት ሊስቅ ይችላል፤ ወይም ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ ሊያስታውስ ይችላል። እንደገና ደግሞ ከተቻለ ታናሽ እኅት ወይም ታናሽ ወንድም እጠይቃለሁ። ታላቅ ይከላከላል፣ እናት ትሸፍናለች፤ ታናሽ ግን ያየውን ይናገራል።

አስቸጋሪ የሚሆነው ሰው ተቃራኒ ሁለት ጠባይ ይዞ ሲመጣ ነው፤ ኮለሪክና ፍሌግማቲክ፣ ወይም ሳንጉዊንና ሜላንኮሊክ። በአሥራ ሁለቱ ድብልቅ ውስጥ እነዚህም አሉ። በክቡ ሥዕል ብንሄድ ግን ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት አቅጣጫዎች ሲደመሩ ወደ መሀል ነው የሚመልሱን፤ ያ ሰው እንግዲህ ጎልቶ የወጣ ጠባይ የሌለው፣ መካከለኛ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ በእርግጥም ወደ መሀል የቀረበ ነው፤ የተግባቢነት መለኪያ ብትወስዱ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚቆመው ጥቂቱ ነው። ሆኖም በእኛ ባህል ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ሳላጣራ አላልፍም። አስተዳደግ ነው።

በይሉኝታ ያደገ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ዝምታን ከልጅነቷ ትማራለች። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ አለማየት፣ ሲጠይቋት ብቻ መመለስ፣ የተሰጠሽን ተቀበይ። ይህ ሁሉ ከውጭ ሲታይ ፍሌግማቲክ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን ምን እንደሆነ የሚታወቀው ቁልፍ ሲሰጣት ነው፤ የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ውሳኔ። ይህን ሁለተኛ ጠባይ አልለውም። የተማሩት ሥርዓት ነው፤ ክብር ያለው ሥርዓት ነው፤ ግን ጠባይ አይደለም፤ ጠባይ ነው ብሎ የሚያገባ ሰው ያላያትን ሴት ያገባል።

እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች። እጮኛዋ «ፍሌግማቲክ ናት፣ ለዚህ ነው የመረጥኳት፤ እኔ ኮለሪክ ስለሆንኩ ሁለት ኮለሪክ በአንድ ቤት አይሆንም» አለን። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። የቡና ሲኒ የምትሰበስብበት መንገድ ግን ዓይኔን ያዘኝ፤ ሲኒዎቹን በትልቅ በትንሽ ለይታ፣ ረከቦቱን ጠርጋ፣ የተረፈውን ስኳር ወደ ዕቃው መልሳ። ማንም አላዘዛትም። ለብቻችን ስንሆን ስለ ቤተሰቧ ጠየቅኳት። አባቷ ከታመሙበት ጊዜ ጀምሮ የቤቱን ዕቁብ፣ የታናናሾቿን ትምህርት ቤት፣ የግቢውን ተከራዮች የምታስተዳድረው እሷ ናት። ተከራይ ወር ሲያሳልፍባት ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። «አልጮህም፤ ሁለት ጊዜ በጨዋ ደንብ እነግራቸዋለሁ፤ በሦስተኛው አስወጣቸዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።

ኮለሪክ ናት፤ ሜላንኮሊክም አለባት። ጨዋነቷ ደግሞ የእውነት ጨዋነት ነው። ለእጮኛዋ ይህን እንድትነግረው የፈቀድነው ለራሷ ነው እንጂ እኛ አላወጣነውም። ስትነግረው ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ ለምን ሁሌ ‹አንተ እንዳልክ› ትይኛለሽ?» አላት። «ያልከኝ ነገር እስካሁን ትክክል ስለነበረ» አለችው። እሱ ኮለሪክ ሆኖ ከሥሩ ሳንጉዊን አለበትና ሳቁ መጣ። ሜላንኮሊክ ቢኖርበት ኖሮ ያችን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ያመነዥካት ነበር።

ዕድሜም ሥራ ይሠራል። ሰው እየበሰለ ሲሄድ በአማካይ የረጋ፣ የሚራራና ኃላፊነት የሚሰማው እየሆነ እንደሚሄድ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ግን ደረጃው ብዙ አይናወጥም። በሃያዎቹ ግልፍተኛ የነበረ በሃምሳዎቹ ከቀድሞው የረጋ ነው፤ ከእኩዮቹ መካከል ግን አሁንም ግልፍተኛው እሱ ነው። ስለዚህ እጮኛሞችን «ሲያገባ ይለወጣል» በሚል ተስፋ አላሰናብትም፤ «አይለወጥም» ብዬም አላስፈራራም።

እነዚያ ሁለት ኮለሪኮች ተጋብተዋል። ከሠርጉ በፊት የመጨረሻውን ማታ ያሳለፍነው ማን በምን ላይ እንደሚወስን በማከፋፈል ነበር። ሒሳብ፣ ውልና ተከራይ ለእሷ፤ እንግዳ፣ ዘመድና ሽምግልና ለእሱ፤ የቤት ግዢና የልጆች ትምህርት ለሁለቱም፣ ሁለቱ ካልተስማሙ የማይንቀሳቀስ። እሱ ዝርዝሩ በቃል ይበቃል አለ። እሷ ወረቀት ጠየቀች፤ ጻፈችው፤ ቀን አደረገችበት፤ ሁለቱም ፈረሙ።